ሊንኪንግ ቨርብ ያለበትን ዓረፍተ ነገር በምን እንለየው?

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ ስለ እንግሊዝኛ ሊንኪንግ ቨርብ ነው የማወራችሁ፣ ማለትም ሰብጀክቱን (ባለቤቱን) ከሚገልጸው ቃል ጋር ስለሚያገናኘው ግስ። ብዙዎቻችን የተማርነው ዝርዝር በመሸምደድ ነው፣ ኢዝ፣ አር፣ ቢካም፣ ሲም፣ ሉክ፣ ፊል፣ ቴስት፣ ስሜል ምናምን እያልን፣ ችግሩ ግን ከነዚህ ውስጥ ብዙዎቹ አንዳንዴ ሊንኪንግ አንዳንዴ ደግሞ አክሽን ቨርብ (ድርጊት የሚናገር ግስ) ይሆናሉ፣ ስለዚህ ዝርዝሩን በቃላችሁ ብትወጡትም ፈተና ላይ ይሸውዳችኋል።

እስቲ እነዚህን ሁለት እዩልኝ።

ስክሪን ላይ፦
ዘ ሼፍ ቴስትድ ዘ ሱፕ።
ዘ ሱፕ ቴስትስ ጉድ።

ሁለቱም ላይ ያለው ቴስት ነው። የመጀመሪያው ላይ ሼፉ ማንኪያ አንስቶ ሾርባውን ቀመሰ፣ ማለትም አንድ ነገር አደረገ፣ ሱፕ ደግሞ ኦብጀክት (ድርጊቱ የደረሰበት) ሆነ። ሁለተኛው ላይ ግን ሾርባው ምንም አላደረገም፣ ጉድ የምትለው ቃል ወደ ኋላ ዞራ ሾርባውን ነው የምትገልጸው፣ ቴስትስ መሃል ገብቶ ሁለቱን አገናኛቸው በቃ። ሊንኪንግ የተባለውም ለዚሁ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው፣ ቨርቡን አውጡትና በኢዝ ወይም በዋዝ ተኩት። ዘ ሱፕ ኢዝ ጉድ፣ ያስኬዳል። ዘ ሼፍ ዋዝ ዘ ሱፕ ስትሉ ግን ሼፉ ራሱ ሾርባ ሆነ ማለት ነው፣ አያስኬድም፣ ስለዚህ እዚያ ላይ ቴስት ሊንኪንግ አይደለም።

እኔ በጣም የምወደው ግን ሌላ መንገድ አለ፣ አማርኛችን ራሱ ይነግረናል። እንግሊዝኛ በአንድ ቃል የሚላቸውን ነገሮች እኛ በሁለት ግስ ነው የምንለያቸው፣ ቴስት ለኛ ወይ ቀመሰ ነው ወይ ጣፈጠ፣ ሉክ ወይ አየ ነው ወይ መሰለ፣ ስሜል ደግሞ ወይ አሸተተ ነው ወይ ሸተተ። ዓረፍተ ነገሩን በአማርኛ ስታስቡት ጣፈጠ፣ መሰለ፣ ሸተተ ከመጣላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ሊንኪንግ ነው።

አሁን ወደ ፓተርኖቹ። አንደኛው ሰብጀክት፣ ሊንኪንግ ቨርብ፣ አድጀክቲቭ (ቅጽል) ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አድቨርብ (ተውሳከ ግስ) በማስገባት ነው፣ ዘ ሱፕ ቴስትስ ዌል ይላል፣ ግን የምንገልጸው ሾርባውን እንጂ አቀማመሱን ስላልሆነ ጉድ ነው ትክክሉ። ሂ ሉክድ አንግሪ ስንል የተናደደ ይመስል ነበር ማለት ነው፣ ሂ ሉክድ አንግሪሊ አት ሚ ስንል ደግሞ በቁጣ አየኝ። አይ ፊል ዌል ግን ልክ ነው፣ እዚያ ላይ ዌል ጤነኛ ማለት ስለሆነ አድጀክቲቭ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፣ እኛ ርቦኛል ደክሞኛል ስንል ግስ ነው፣ ሀንግሪ እና ታየርድ ግን አድጀክቲቭ ናቸው፣ ስለዚህ አይ ሀንግሪ ብሎ ነገር የለም፣ አይ አም ሀንግሪ ነው። አግሪ ደግሞ በተቃራኒው ራሱ ቨርብ ስለሆነ አይ አም አግሪ አይባልም።

ሁለተኛው ፓተርን መጨረሻው ላይ ናውን (ስም) ያለበት ነው።

ስክሪን ላይ፦
ማይ ሲስተር ቢኬም ኤ ዶክተር።
ማይ ሲስተር ሜት ኤ ዶክተር።

ከላይ ሲታዩ አንድ ዓይነት ናቸው አይደል? እስቲ ሰዎቹን ቁጠሩ። የመጀመሪያው ላይ ያለችው አንድ ሴት ብቻ ናት፣ እህቴም ዶክተሯም እሷው ናት፣ ሁለተኛው ላይ ግን ሁለት ሰው አለ፣ ስለዚህ ሜት ሊንኪንግ አይደለም። ወደ ፓሲቭ (ተደራጊ) ለመቀየር ብትሞክሩም ሜት የሚለው ይቀየራል፣ ቢኬም እምቢ ይላል።

ኢዝ ሁልጊዜ ሊንኪንግ እንዳይመስላችሁ ደግሞ። ሺ ኢዝ ኤ ሲንገር ላይ ሊንኪንግ ነው፣ ሺ ኢዝ ሲንጊንግ ላይ ግን ዋናው ቨርብ ሲንግ ስለሆነ ኢዝ ሄልፒንግ ቨርብ (ረዳት ግስ) ብቻ ነው።

በሉ አሁን ቪዲዮውን ፖዝ አድርጉና እነዚህን ሞክሩ።

ስክሪን ላይ፦
ዘ ሚልክ ተርንድ ሳወር።
ሺ ተርንድ ዘ ኪይ።
ዘ ዶግ ስሜልስ ባድ።
ዘ ዶግ ስሜልስ ባድሊ።

ወተቱ ኮመጠጠ፣ ሳወር ወተቱን ስለምትገልጽ ሊንኪንግ ነው። ቁልፉ ላይ ግን ልጅቷ ቁልፉን አዞረችው እንጂ ቁልፍ አልሆነችም፣ አክሽን ነው። ውሻው ላይ ደግሞ ልዩነቱን ያመጣችው አንዲት ሊ ናት፣ ባድ ሲሆን ውሻው መጥፎ ይሸታል፣ መታጠብ አለበት፣ ባድሊ ሲሆን ግን ውሻው በደንብ አያሸትም፣ ችግሩ ያለው አፍንጫው ላይ ነው።