ናሙናው የተሠራበት ጋዝ

የተከበራችሁ መምህራንና ተመራማሪዎች፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፤

ስለ ድርብርብ የብርቅዬ መሬት ብረት ኦክሳይዶች ንግግር ሲባል ብዙዎቻችሁ ስለ ማግኔትነታቸውና ስለ ኤሌክትሪክ ባሕርያቸው ለመስማት እንደመጣችሁ እገምታለሁ። እሱም ይደርሳል። እኔ ግን ብዙውን ሰዓት ለእቶኑ እሰጣለሁ። በዚህ ዘርፍ ለዓመታት ያከራከሩን ጥያቄዎች ብዙዎቹ መለኪያ መሣሪያ ላይ ከመድረሳቸው በፊት፣ ዱቄቱ እቶን ውስጥ ሳለ ግማሽ መልሳቸውን አግኝተዋል ብዬ አምናለሁ።

አወቃቀሩን ብርቅዬ መሬት ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች አንዱ በሆነው በሉቴቲየም እንየው። ለአንድ ሉቴቲየም ሁለት ብረትና አራት ኦክሲጅን አለ። ሉቴቲየሞቹ አንድ ነጠላ ንብር (የአቶሞች ስስ ንጣፍ) ይሠራሉ፤ እያንዳንዳቸውም በስድስት ኦክሲጅን ይከበባሉ። ከዚያ በላይ ጥንድ የብረት ንብር ይመጣል፤ ቀጥሎ እንደገና ሉቴቲየም፣ እንደገና ጥንድ ብረት። የብረቱ ጎረቤቶች አምስት ኦክሲጅኖች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ በጎኑ፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። ድርድሩ ሦስት ጊዜ ቦታውን እየለወጠ ከተደረደረ በኋላ ነው ወደ መነሻው የሚመለሰው። ስለዚህ የክሪስታሉ አሃድ በአንድ ወገን 3.4 አንግስትሮም (አንዱ የሜትር አሥር ቢሊዮንኛ ነው) ግድም ሆኖ በቁመቱ 25 አንግስትሮምን ያልፋል።

አሁን ሒሳቡን ሥሩ። አራቱ ኦክሲጅን ስምንት አሉታዊ ሙል (የኤሌክትሪክ ቻርጅ) ይዘዋል፤ ሉቴቲየም ሦስቱን ይሸፍናል፤ የቀረውን አምስት ሁለት ብረቶች ይካፈሉታል። ለእያንዳንዱ ሁለት ተኩል ማለት ነው፤ በተግባር ግን ግማሹ ባለ ሁለት፣ ግማሹ ባለ ሦስት ሙል ይሆናል። ብረቶቹ ደግሞ የተደረደሩት በሦስት ማዕዘን ነው። ጎረቤታሞች የተለያየ ሙል ቢይዙ ይመርጣሉ፤ በሦስት ማዕዘን ላይ ግን ሁለቱ ከተለያዩ ሦስተኛው ከአንዳቸው ጋር መመሳሰሉ አይቀርም። ከ320 ኬልቪን ግድም በታች ሙሎቹ በሥርዓት የሚሰለፉት ይህን ችግር በሆነ መንገድ አቻችለው ነው። ማግኔታዊው ሥርዓት ወደ 240 ኬልቪን ሲወርድ ይከተላል።

ግማሽ በግማሽ የሆነ ብረት ማግኘት ግን ቀላል አይደለም። ሉቴቲየም ኦክሳይድንና ቀዩን የብረት ኦክሳይድ ፈጭታችሁ በተራ አየር ብታግሉ ብረቱ በሙሉ ባለ ሦስት ሙል ሆኖ ይቀራል፤ የምትፈልጉት ውህድ አይወለድም። ሃይድሮጅን ብቻ ብታሳልፉበት ደግሞ ኦክሳይዱ ወደ ንጹሕ ብረትነቱ ይመለሳል። በሁለቱ መሃል ያለው ክልል ጠባብ ነው። ጃፓናውያኑ ኪሚዙካና ካትሱራ በ1975 እ.ኤ.አ. በሉቴቲየም ፋንታ ይትሪየም ያለበትን ውህድ ሲያስተዋውቁ የሠሩት ይህን ክልል በ1200 ዲግሪ ሴልሺየስ መለካት ነበር።

መሣሪያቸው የጋዝ ድብልቅ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ካርቦን ሞኖክሳይድ አብረው ሲግሉ በመካከላቸው ያለው ሚዛን የኦክሲጅኑን ግፊት ይወስናል። በ1200 ዲግሪ አሥር ለአንድ ብትቀላቅሏቸው ኦክሲጅኑ ከአንድ ከባቢ አየር ግፊት አንድ ቢሊዮንኛ ያህል ይሆናል። እንዲህ ያለ ግፊት በፓምፕ እይዘዋለሁ የሚል ሰው ካለ መልካም ዕድል እመኝለታለሁ። (ሞኖክሳይዱ ሽታ የሌለው ገዳይ ስለሆነ የጋዝ ማውጫው ሳይፈተሽ እቶኑ አይለኮስም።) ጋዝ ለሌለው ሌላ መንገድ አለ፦ ሦስት እጅ ሉቴቲየም ኦክሳይድ፣ አምስት እጅ ቀይ የብረት ኦክሳይድና ሁለት እጅ ንጹሕ ብረት በሞል ቆጥሮ፣ አየሩ በተሳበ የሲሊካ ቱቦ ውስጥ አሽጎ ማጋል። ኦክሲጅኑ ልክ ይወጣል፤ ሚዛናችሁ ትክክል ከሆነ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ማቀዝቀዣው ላይ ነው። ለ1200 ዲግሪ የተስማማው የጋዝ ምጥን ለ800 ዲግሪ አይስማማም፤ ቀስ እያለ የሚበርድ ናሙና በየደረጃው ሌላ ግፊት እየቀመሰ ይወርዳል። ስለዚህ ከእቶኑ በፍጥነት ወጥቶ በአንድ ጊዜ መቀዝቀዝ አለበት።

ብርቅዬ መሬቶቹ ሁሉ ለዚህ እሺ አይሉም። ትንንሾቹ፣ ከሆልሚየም እስከ ሉቴቲየም፣ ይትሪየምም ጨምሮ፣ ይህን አወቃቀር ይይዛሉ፤ እንደ ላንታነም ያሉት ትልልቆቹ ፔሮቭስካይት የተባለውን ሌላ አወቃቀር ይመርጣሉ። በጣም አስቸጋሪው ይትሪየም ነው። ኦክሲጅኑ ሙሉ ሲሆን ሲቀዘቅዝ እንደ ማግኔታይት (ጥቁሩ የብረት ኦክሳይድ) ይለወጣል፣ ያውም ደረጃ በደረጃ፤ ኦክሲጅኑ ጥቂት ሲጎድል ለውጡ ይጠፋል። በስም አንድ የሆኑ ሁለት ናሙናዎች፣ በባሕርይ ሁለት ቁስ ናቸው።

ይህን ስታስቡ የ2005ቱን ጉዳይ አስታውሱ። ያኔ የሉቴቲየሙ ውህድ በሙሎቹ አሰላለፍ ብቻ ፌሮኤሌክትሪክ (በራሱ የኤሌክትሪክ ዋልታ ያለውና ዋልታውን መገልበጥ የሚቻል) ይሆናል ተብሎ ታተመ፤ ሐሳቡ በእውነት ውብ ነበር፤ ብዙ ቤተ ሙከራም ተከተለው። በ2012 ግን የተሻለ ጥራት ባላቸው ክሪስታሎች የተሠራ ጥናት ሙሎቹ የሚሰለፉት ጥንድ ንብሮቹ በየተራ አንዱ ብዙ፣ ቀጣዩ ጥቂት ሙል እንዲይዙ አድርገው እንደሆነ፣ ይህም ለፌሮኤሌክትሪክነት እንደማይመች አሳየ። እጅግ ትልቅ የተባለው የዳይኤሌክትሪክ ዋጋም (ቁሱ የኤሌክትሪክ ሙል የማከማቸት ችሎታው) የኤሌክትሮዶቹ ንክኪ ያመጣው ነው የሚል ሌላ ጥናት በዚያው ዓመት ወጣ። ለእኔ አሳማኙ የ2012ቱ ነው።

ታዲያ ምን ይጠቅማል ለሚለው፦ ይህንኑ አወቃቀር የያዘ ኢንዲየም ጋሊየም ዚንክ ኦክሳይድ አለ፤ ኢንዲየሙ በሉቴቲየም ቦታ፣ ጋሊየምና ዚንኩ በብረቶቹ ቦታ። ኪሚዙካና ባልደረባው በ1985 ያጠኑት የዚህ ቤተሰብ ውህድ ዛሬ በስክሪኖች ትራንዚስተር ውስጥ አለ፤ ምንም እንኳ በ2004 ዝና ያተረፈው ክሪስታል ያልሆነው ስስ ንጣፉ ቢሆንም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር አለ። ስትጽፉ የጋዙን ምጥን፣ ሙቀቱን፣ እንዴት እንዳቀዘቀዛችሁት ጻፉ። ከዚያም ከናሙናው ጥቂት ወስዳችሁ በአየር አግሉና መዝኑ። ኦክሲጅኑ ሙሉ የሆነ የሉቴቲየም ውህድ ሙሉ በሙሉ ኦክሳይድ ሲሆን ክብደቱ 2.3 በመቶ ያህል ይጨምራል። የእናንተ ከዚህ ከራቀ፣ የማግኔት መለኪያውን ገና አትቀጥሩ።