የበለዘ እግሬ

እሺ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። እግሬን እያየሁ ነው የማወራችሁ፣ ቀልዴን አይደለም። ባለፈው ሳምንት ሌሊት ውሃ ልጠጣ ስነሳ ቅልጥሜን ከአልጋው ጠርዝ ጋር አላተምኩት። የደረሰበት ያውቀዋል፣ ድምፅ እንኳን አይወጣም፣ ዝም ብሎ እዚያው ቁጭ ነው። መጀመሪያ ቀላ፣ በማግስቱ ወይን ጠጅ ሆነ፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ አረንጓዴ ነገር ጣል አድርጎበት አገኘሁት። ዛሬ ዳር ዳሩ ቢጫ ነው።

እኔ ደግሞ ባዮሎጂ አውቃለሁ ባይ ነኝ! ፈተና ላይ «የቀይ ደም ሴል ጥቅም» ሲባል «ኦክስጅን ማመላለስ» ብዬ ጽፌ ማርኬን ወስጃለሁ። የበለዘ ቦታ ለምን ቀለም እንደሚቀያይር ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። መልሱ ያለው እዚያው ሴል ውስጥ ነው።

ቀይ የደም ሴል የሚሠራው መቅኒ ውስጥ ነው። በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ገደማ ይመረታል፣ እኔ እዚህ ስለፈልፍ ስንት ሚሊዮን እንደተወለደ አስሉት። ከዚያ ግን አንድ ጉድ አለ። ይሄ ሴል ወደ ደም ስር ከመግባቱ በፊት ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥለዋል። አዎ፣ ያንን «የሴሉ አዛዥ» እያልን የሸመደድነውን! ብዙም ሳይቆይ ሚቶኮንድሪያውንም፣ ማለትም በኦክስጅን ጉልበት የሚያመነጭለትን ክፍል፣ ይሰናበታል። አዛዥ ከሌለ ታዲያ እንዴት ይሠራል? ያኔ ይሄን ብጠይቅ አስተማሪዬ ምን ይለኝ እንደነበር እንጃ። ለእኔ «አዛዥ» የሚለው አባባል ራሱ አይመቸኝም። ኒውክለስ የአሠራር መመሪያው የተቀመጠበት ቦታ ነው ቢባል ይሻላል፤ መመሪያው ከእጅህ ቢወጣም የተሠራው ዕቃ ለጊዜው ይሠራል።

ቦታውን የሚይዘው ሄሞግሎቢን ነው፣ ደምን ቀይ የሚያደርገው ፕሮቲን። አንዱ ሴል ውስጥ 270 ሚሊዮን ገደማ አለ፣ እያንዳንዱ ሄሞግሎቢን ደግሞ 4 የብረት አቶም ይዟል፤ ኦክስጅኑ የሚጣበቀው ብረቱ ላይ ነው። በጣም የገረመኝ ምን መሰላችሁ፣ ሚቶኮንድሪያ ስለሌለው ሴሉ ራሱ ኦክስጅን አይጠቀምም። ከሳንባ ተሸክሞ ለሁሉም ያድላል፣ እሱ ግን ጉልበቱን የሚያገኘው ከግሉኮስ ብቻ ነው። ተሸክሞ የማይቀምስ።

ዋጋውንም ይከፍላል። መመሪያው ስለሌለ ሲጎዳ ራሱን መጠገን አይችልም። ከራሱ በጠበቡ ካፒላሪዎች (በጣም ቀጫጭን የደም ስሮች) ውስጥ እየታጠፈና እየተሹለከለከ 120 ቀን ገደማ ይኖራል፣ ከዚያ ይደርቃል፣ መታጠፍ ያቅተዋል፣ በተለይ ጣፊያ ላይ ይያዝና ማክሮፌጅ የሚባሉ ሴሎች ይውጡታል። ብረቱ አይጣልም፣ አዲስ ሄሞግሎቢን ሊሠራበት ወደ መቅኒ ይመለሳል። ብረቱን ይዞ የነበረው ክፍል ደግሞ መጀመሪያ አረንጓዴ ነገር ይሆናል፣ ቢሊቨርዲን ይሉታል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ቢሊሩቢን። ቢጫውን ጉበት ተቀብሎ ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያስወግደዋል። ሰገራ ቡናማ የሚሆነውም በዚሁ የተነሳ ነው፣ እየበላችሁ ከሆነ ይቅርታ።

እና ይሄ ሁሉ ሥራ ሁልጊዜ ውስጥ ለውስጥ፣ ሳናየው ነው የሚካሄደው። እኔ አልጋው ጋር ስላተም ትናንሽ የደም ስሮች ተበጠሱ፣ ደም ቆዳዬ ስር ፈሰሰ፣ ያው የማፍረስ ሥራ እዚያው ዓይኔ ስር ተጀመረ። አረንጓዴው ቢሊቨርዲን ነው፣ ቢጫው ቢሊሩቢን። ስንት ዓመት ቁልፍ ቃል አድርጌ ያሰመርኩበት ነገር ቅልጥሜ ላይ በቀለም ተጽፎ ነበር።

መሃሉ ላይ ትንሽ ወይን ጠጅ ቀርታለች፣ በሁለት ሦስት ቀን እሷም ትሄዳለች። አልጋውን ግን ዛሬ ወደ ግድግዳው አስጠግቼዋለሁ።