ለአንድ ትሬቡሼ አሥር ሰው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ ጌም ነው። «ይሄን የሚያህል ሰውዬ ጌም ይጫወታል እንዴ?» የምትሉ አትጠፉም። ይጫወታል። እንዲያውም ማታ ማታ ግንብ ያፈርሳል።

የምጫወተው ጊልድ ዎርስ 2 ነው። በፈረንጆቹ 2012 የወጣ ጌም ነው። ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ መነሻው ጌም በነፃ ነው። በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጌሙ ውስጥ ሦስት ቡድኖች ሳምንቱን ሙሉ፣ ሌት ተቀን፣ ካምፕና ምሽግ የሚነጣጠቁበት ክፍል አለ። መሃል ላይ ስቶንሚስት የሚባል ትልቅ ቤተ መንግሥት ቆሟል። ዓርብ ማታ ሁሉም ነገር ይጠረግና እንደገና ይጀመራል።

እኔ አዲስ አበባ ነኝ፣ ሰርቨሩ አውሮፓ ነው። ፒንጌ፣ ማለትም መልእክቴ ሰርቨሩ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ፣ 200 ሚሊሰከንድ ከሆነ ያ ደህና ቀን ነው። ጠላት ሰይፉን ሲያነሳ የማየው ከመታኝ በኋላ ነው ማለት ነው። ጣቴ ቢፈጥንም ባይፈጥንም ያው ነው። ሌሎቹ ሲዋጉ እኔ መሬት ላይ ተዘርሬ ጦርነቱን ከሥር ወደ ላይ ማየት ለምጄ ነበር። ጊልዱ፣ አብሬው የምጫወተው ማኅበር ማለቴ ነው፣ እዚያ ውስጥ የነበረኝም ቦታ ይኸው ነበር። ጥሩ ሰው፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ቶሎ የሚሞት።

ከዚያ ጊልዳችን የከበባ መሣሪያ በደንብ እንማር ብሎ ተነሳ።

ትሬቡሼን ታውቁት ይሆናል። የመካከለኛው ዘመን ማሽን ነው። በአንዱ ጫፍ ከባድ ጭነት፣ በሌላው ጫፍ ወንጭፍ ያለው ረጅም ክንድ አለው። ጭነቱ ሲወርድ ክንዱ ይስፈነጠራል፣ ድንጋዩ ይሄዳል። ጌሙ ላይ ቁልፉን ተጭናችሁ በቆያችሁ ቁጥር ይበልጥ ሩቅ ይመታል። ድንጋዩ ብዙ ርቀት በአየር ላይ ተንሳፍፎ ነው ግንቡ ጋ የሚደርሰው። ታዲያ የኔ ኢንተርኔት ትንሽ ቢንቀራፈፍ ምን ይሆናል? ግንቡ እንደሆነ የትም አይሄድ።

ደግሞ የሚወረውረው ድንጋይ ብቻ አይደለም፣ የበሰበሰ ላምም አለ። የወደቀበት ቦታ ያሉትን ሁሉ ይመርዛል። የሥጋ ዋጋ ሰማይ በነካበት ጊዜ ሙሉ ላም ወርውሮ ማባከን መጀመሪያ ላይ ከብዶኝ ነበር። አሁን ለምጄዋለሁ።

ዋናው ነገር ግን መወርወሩ አይደለም። ጌሙ ላይ ማሽን የሚሠራበት ቁሳቁስ አለ፣ ሰፕላይ ይባላል። እንጨት በሉት፣ ገመድ በሉት። አንድ ተጫዋች ሲጀምር መያዝ የሚችለው 10 ብቻ ነው። ተራው ካታፑልት፣ ሌላው ድንጋይ ወርዋሪ ማሽን፣ 50 ይፈልጋል፣ ተራው ትሬቡሼ 100። ስለዚህ የቱንም ያህል ጀግና ብትሆኑ ብቻችሁን ትሬቡሼ አትገነቡም። አንድ ሰው ንድፉን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ ሌሎቹ ደግሞ መጥተው የያዙትን ያራግፋሉ። ያራገፋችሁበትን ማሽን የሚተኩሰው ሌላ ሰው ነው። ስማችሁ የትም አይጻፍም። ይሄን ያሰበ ሰው ሰው ምን እንደሚመስል ጠንቅቆ ያውቃል እላለሁ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገበያ ነበር። ሁሉም መተኮስ ይፈልጋል፣ መሸከም የሚፈልግ የለም። አንዱ ካታፑልቱን ያለቦታው ይተክላል፣ ሌላው ሰፕላዩን ለማያስፈልግ የቀስት ጋሪ ያውለዋል። ደግሞ አንድ አናዳጅ ነገር አለ። የራሳችን የተጎዳ ግንብ ሥር ቆማችሁ ቁልፏን ከነካችሁ ሰፕላያችሁ ወደ ጥገናው ይገባል። ልብ አላላችሁም፣ በሩን የምትከፍቱ መስሏችሁ ነው። ጠላት ምሽግ ስትደርሱ ኪሳችሁ ባዶ ነው። ኮማንደራችን፣ ጀርመናዊ ነርስ ናት፣ በማይኩ «ግንቡን እንዳትነኩ!» ስትል በሌሊት ፈረቃ በሽተኛ የምትቆጣ ነው የምትመስለው።

ለውጡ የመጣው ከአንድ ፖላንዳዊ ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን ሲናገር መጀመሪያ የቀለደ መስሎን ነበር። እሱም እንደኔ ሜዳ ላይ ቶሎ ነው የሚሞተው። ሰው በማይኖርበት ሰዓት ይሰበስበንና ባዶ ግንብ ፊት ያቆመናል። ካታፑልት የሚተከለው ሩቅ አይደለም፣ ግንቡን ተጠግቶ ነው። ከላይ ያለው ተከላካይ ለማየት አንገቱን ማስገግ አለበት፣ ሲያሰግግ የኛ ሰዎች ይጠብቁታል። የሚተኮሰውም ቁልፉን ነካ አድርጎ ወዲያው በመልቀቅ ነው። ሽማግሌው ይሄን ለማሳየት ንድፉን ይዞ አንድ እርምጃ ወደፊት፣ ግማሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ግራ ይላል። አልጋ በጠባብ በር እንደሚያስገባ ሰው። ሁላችንም ማይክ ዘግተን እናየዋለን። ትሬቡሼ ላይ ደግሞ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ከዚህ ኮረብታ እስከዚያ ማዕዘን ድረስ ቁልፉን ስንት ቆጥሮ መልቀቅ እንደሚገባ ሁሉም በቃሉ እንዲይዘው አደረገ። ጠላት የለ፣ ነጥብ የለ፣ ደረቅ ልምምድ። ግማሹ ሰው ሰልችቶት ወጣ። የቀረነው ተማርን።

አሁን ከመውጣታችን በፊት ቻት ላይ ቁጥር ብቻ ይወርዳል። 10፣ 10፣ 10፣ 7። ሰባቷን የጻፈ ሰው እንዲያብራራ አይጠየቅም፣ ግንብ ነክቷል። ተመልሶ ካምፕ ሄዶ ይሞላል፣ እኛም ቆመን እንጠብቀዋለን። ድሮ ማንም ማንንም አይጠብቅም ነበር።

ምሽጎቹ ጋ ሰፕላይ የሚያደርሱ ዶልያክ የሚባሉ ጭነት ከብቶችም አሉ፣ ከካምፕ ተነስተው ዘገምተኛ መንገዳቸውን ይሄዳሉ። ጠላት መንገድ ላይ ከገደላቸው ምሽጉ ይራባል፣ ግንቡም የሚጠገንበት ያጣል። እነሱን የሚያጅብ ሰው ያስፈልጋል። ከጊልዱ ፈጣን ልጆች ይሄን ሥራ በውዴታ የሠራ እስካሁን አላየሁም። እኔ እሠራዋለሁ። ከከብቱ ጋር እየሄድኩ ቡናዬን እጠጣለሁ። በዓለም ላይ ከዚህ የተሻለ የጦር ግዳጅ ያለ አይመስለኝም።

በዚያው ሰሞን በቸርችል ጎዳና ስሄድ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለችውን የሴባስቶፖልን ምስል ቆሜ አየኋት። ዋናው መድፍ እስካሁን መቅደላ ነው። ጋፋት ላይ ተሠርቶ፣ ከደብረ ታቦር ተነስቶ፣ ወራት የፈጀ መንገድ ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደረሰ። ክብደቱ ወደ 70 ኩንታል ይጠጋል። ድሮ ሳየው የማስበው ስለ ተኩሱ ነበር። አሁን ግን በሽሎን እንዴት አሻገሩት ነው የምለው። ገመዱን ስንት ሰው ያዘው? ወደፊት ሄዶ መንገዱን የጠረበው ማን ነው? ቁልቁለቱ ላይ እንዳይንደረደር ከኋላ ሆኖ የያዘውስ? አንድ ጊዜ የትሬቡሼ ሰፕላይ ተሸክማችሁ ከሮጣችሁ እንደዚህ ነው የምታስቡት።

ሌላም አለ። በፈረንጆቹ 1304 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ኤድዋርድ የስኮትላንዱን ስተርሊንግ ግንብ ከቦ ዋርዉልፍ የሚባል ግዙፍ ትሬቡሼ አስገነባ። ግንቡ ውስጥ ያሉት እጅ እንስጥ አሉ። ንጉሡ እንቢ አለ። መጀመሪያ ማሽኔ ይሞከር! እኛም ጋ ልክ እንዲሁ ሆነ። አንድ ማታ ትሬቡሼውን ገንብተን ስንጨርስ ምሽጉ ውስጥ ተከላካይ እንደሌለ ወሬ መጣ። በሩን በግንድ መትቶ መግባት ይቻል ነበር። ኮማንደራችን «አይሆንም፣ አሥር ሰው ተሸክሞ ያመጣውን ሳልተኩስ አልሄድም» አለች። ተኮሰች። ግንቡ እስኪወድቅ ሁላችንም ቆመን አየን። ጊዜ አባከንን የሚል አልነበረም።

መብራት ሲሄድ ምን ታደርጋለህ የምትሉኝ ካላችሁ፣ ላፕቶፑ በባትሪ ይቆያል፣ ራውተሩ ግን ወዲያው ይጠፋል። ስልኬን ሆትስፖት አድርጌ እስክመለስ ድረስ የኔን ትሬቡሼ ሽማግሌው ይይዝልኛል። ቃል አንለዋወጥም። ድምፄ ከጠፋ ያውቃል።

አሁን ጊልዱ ውስጥ ክርክር ተነስቷል። ፈጣኖቹ ልጆች «ከበባ የሽማግሌ ጨዋታ ነው፣ ሜዳ ላይ ሰይፍ በሰይፍ እንጫወት» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ለእነሱ አሰልቺ ነው። ሰው መጥቶ ጣቱን ማሳየት ሲፈልግ ከብት አጅብ ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ትሬቡሼው ከቀረ እኔም ሽማግሌውም መሬት ላይ ወደ መዘረር እንመለሳለን። ስለዚህ ከኔ ገለልተኛ ፍርድ አትጠብቁ። ማክሰኞን ለሜዳው ውጊያ ይውሰዱት፣ ሐሙስን ለከበባ ይተዉልን ብያለሁ። ኮማንደሯ እሺ ያለች ይመስለኛል። ሐሙስ እንግዲህ፣ መብራት ካለ።

ቸር እንሰንብት።