ከዛፍ ሥር ላለው ራቁት መሬት፦ አጭሩን አይቪ በጅማ ግቢዎች ስለማልማት

የተከበራችሁ የጅማ ከተማ ነዋሪዎች፣ የችግኝ ጣቢያ ባለሙያዎች፣ የአትክልት ሳይንስ ተማሪዎች፣ እንዲሁም ግቢያችሁን በገዛ እጃችሁ የምታለሙ እናቶችና አባቶች፤

በዚህ ስብሰባ እንድናገር ስትጋብዙኝ ስለ አበባ እንደምናገር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። እኔ ግን ያሳሰበኝ በየግቢያችን እያለ ማንም ምንም የማይተክልበት መሬት ነው፤ ይህም ከአቮካዶው፣ ከማንጎው፣ ከዋንዛውና ከግራቪሊያው ሥር ያለው፣ ፀሐይ በቅጡ የማታየው ቦታ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝና በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ በመሆኗ፣ ዛፍ ለማሳደግ ብዙ አንለፋም። ዛፉ ሲያድግ ግን ከሥሩ የነበረው ሣር ይሞታል። ሰርዶ ፀሐይ የሚወድ ሣር ስለሆነ በጥላ ውስጥ ይሳሳል፣ ይገረጣል፣ በመጨረሻም ጠፍቶ ቀዩን አፈር ራቁቱን ይተወዋል።

ብዙ ሰው ዛፍ ካለ አፈሩ የተጠበቀ ይመስለዋል። በሐምሌ ዝናብ ውስጥ ከዋንዛ ሥር ቆሞ የተመለከተ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። ዝናቡ በሰፋፊዎቹ ቅጠሎች ላይ ይጠራቀምና ከሰማይ ከወረደው ጠብታ የሚተልቅ ጠብታ ሆኖ ይወርዳል፤ ያ ጠብታ የሚያርፈው በባዶ አፈር ላይ ከሆነ አፈሩን ይቆፍረዋል፣ ጭቃውን በአጥሩና በግድግዳው ላይ ይረጨዋል፣ ቀስ በቀስም የዛፉን ሥር ያራቁተዋል። የታጠበው አፈር በየቦዩ ወርዶ አዌቱ ይገባል፤ አዌቱ ወደ ቦዬ ረግረግ፣ ከዚያም ወደ ግልገል ጊቤ ይወስደዋል። ከየግቢያችን የሚሄደው አፈር ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ለዘመናት የተገነባ የላይኛው ለም አፈር ነውና ትንሽ ነው ብዬ ልተወው አልችልም።

ለዚህ ቦታ ከማቀርባቸው ተክሎች አንዱ በሳይንሳዊ ስሙ ሄደራ ሄሊክስ የሚባለው፣ መሬት ላይ የሚሳበውና ዛፍ ላይ የሚወጣው ሐረግ አይቪ፣ በተለይም አጭርና ጥቅጥቅ ብለው የሚያድጉት ዓይነቶቹ ናቸው። አይቪ የትውልድ አገሩ አውሮፓና ምዕራብ እስያ ነው። በዚያ የሚወደደው ሌላው ተክል ቅጠሉን ሲያራግፍና በረዶ ሲወርድ እርሱ አረንጓዴ ሆኖ ስለሚከርም ነው። እኛ ዘንድ መሬት ሸፍኖ የሚሰነብት በረዶ የለም፤ የእኛ ፈተና ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ደረቅ ጊዜ ነው። ሥሩ በደንብ የያዘ አይቪ በጥላ ውስጥ እስካለ ድረስ ይህን ወቅት ቅጠሉን ሳያራግፍ ያልፈዋል። ባዕድ ይምሰል እንጂ ከደናችን ውስጥ ዘመድ አለው፤ በጅማ፣ በከፋና በሸካ ደኖች የሚበቅለውና ንቦች ነጩን ማር የሚቀስሙበት ጌተም የዚሁ የአይቪ ቤተሰብ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። አይቪ ሁሉ አንድ አይደለም። ረጅሙ ዓይነት ድጋፍ ካገኘ ከ20 ሜትር በላይ ይወጣል፤ በአንድ የዝናብ ወቅት ብዙ ርቀት ይሳባል፣ አጥር ይሻገራል። ለትንሽ ግቢ እርሱን አልመክርም። እኔ የምለው ስፔችሊ፣ ደክፉትና አይቫሌስ በሚሉ ስሞች የሚታወቁትን የመሳሰሉ ትናንሽ ዓይነቶችን ነው፤ የስፔችሊ ቅጠል ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። እርግጥ ነው፣ እኛ ዘንድ ችግኝ ስሙ ተጽፎበት አይሸጥም። ስለዚህ ስም ከመጠየቅ ይልቅ ግንዱን ማንበብ ልመዱ። አንድ ቅርንጫፍ አንሡና በአንዱ ቅጠልና በቀጣዩ መካከል ያለውን ርቀት ተመልከቱ። ቅጠሎቹ ተቀራርበው ግንዱን ከሸፈኑትና ከየአንጓው አዲስ ቀንበጥ ለመውጣት ከተዘጋጀ፣ ያ አጭሩ ነው። በቅጠልና በቅጠል መካከል አውራ ጣት የሚያህል ባዶ ግንድ ከታየ ግን ተክሉ ለመሮጥ የተፈጠረ ነው። ከዚያ ግንዱን ገልብጡት፤ ከሆዱ በኩል እንደ ብሩሽ ፀጉር የተሰለፉ አጫጭር ሥሮች ታያላችሁ። አፈሩን የሚይዝልን እነርሱ ናቸው፤ ግንዱ መሬት በነካበት ሁሉ ወደ እውነተኛ ሥር ይለወጣሉ።

ቅጠሉ ነጭ ወይም ቢጫ ጠርዝ ያለው ዓይነት ዓይን ይስባል። ሆኖም የነጣው የቅጠሉ ክፍል ምግብ መሥራት ስለማይችል ተክሉ የተሻለ ብርሃን ይፈልጋል። ከማንጎ ሥር ባለው ድቅድቅ ጥላ ሙሉ አረንጓዴውን ትከሉ፤ ዥንጉርጉሩ ለበረንዳ ዳር ይሁን።

የጅማ ቀይ አፈር በአብዛኛው አሲዳማ ሲሆን አይቪ ደግሞ ገለልተኛ ወይም ወደዚያ የቀረበ አፈር ይመርጣል። የኖራ ዱቄት ወይም ከምድጃ የወጣ የእንጨት አመድ በስሱ በትኖ ከአፈሩ ጋር ማዋሐድ ይረዳል። የቡና ገለባ በከተማችን ሞልቷል፤ ነገር ግን ጥሬውን አትበትኑ። በሚበሰብስበት ጊዜ ተክሉ የሚፈልገውን ናይትሮጅን ይሻማልና፣ ከፍግና ከአፈር ጋር ተከምሮ በደንብ ከበሰበሰ በኋላ ብቻ ተጠቀሙበት። ከዛፍ ሥር ስትቆፍሩም ቦታውን በሙሉ በዶማ አትገልብጡ፤ የዛፉ መጋቢ ሥሮች ከላይኛው አፈር ውስጥ ስለሆኑ፣ በወፍራም ሥሮች መካከል 15 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚጠልቁ ትናንሽ ጉድጓዶች ብቻ አውጡ።

አጭሩ አይቪ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ አቀራርቦ መትከል ግድ ነው። በ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት ከተተከለ ለአንድ ካሬ ሜትር 16 ችግኝ ይበቃል፤ ያም ሆኖ መሬቱን ፈጽሞ ለመሸፈን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ይፈልጋል። ይህን ሳያውቁ የሚተክሉ ሰዎች ተስፋ ቆርጠው በመጀመሪያው በጋ ይነቅሉታል፤ እባካችሁ አትቸኩሉ። ተዳፋት ላይ ችግኞቹን ፊትና ኋላ አሰባጥራችሁ ትከሉ፣ እስኪይዙም ድረስ በመካከላቸው ደረቅ ሣር ጉዝጓዝ አድርጉ። በመጀመሪያው በጋ በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ አጥልቆ ማጠጣት ያስፈልጋል። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ግን ሥሩን ያበሰብሰዋል። ከዋንዛ ሥር ለምትተክሉ አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባችሁ፤ በደረቁ ወቅት የሚራገፈው ሰፊና ሻካራ ቅጠል ለጋውን አይቪ ሸፍኖ ያፍነዋልና በእጅ ልቀሙለት። የግራቪሊያ ቅጠል ቀጭንና ስንጥቅጥቅ በመሆኑ እዚያው ገብቶ ይበሰብሳል፤ ተዉት።

በበጋ ቅጠሉ አመድማ ሆኖ በጀርባው ስስ ድር ካያችሁ ቀይ ሸረሪት መሰል ጥቃቅን ተባይ ገብቶበታል ማለት ነው። ደረቅና ሞቃት አየር ይስማማዋል፤ የቅጠሉን ጀርባ በውኃ ግፊት ደጋግሞ ማጠብ አብዛኛውን ያራግፈዋል። ጥቁር፣ ዙሪያቸው እንደ ውኃ የረጠበ ነጠብጣቦች ከሆኑ ግን በሽታው የባክቴሪያ ነውና ከላይ ማጠጣቱን አቁሙ፣ የታመመውን ቆርጣችሁ አስወግዱ።

ጥቅጥቅ ያለ ተክል እባብና አይጥ ይሸሽግብናል የምትሉ ወገኖች አላችሁ፤ ስጋታችሁን አላናንቅም። ተክሉን ከ15 ሴንቲ ሜትር በታች ማቆየትና ከቤቱ ግድግዳ ጋር ክንድ ያህል ስፋት ያለው ጠጠር መተው ብዙውን ያቃልላል። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። የአይቪ ቅጠልና ፍሬ መርዛማ ነው፤ ሕፃናት እንዳይቀምሱት፣ ፍየልና በግም እንዳይግጡት መጠበቅ ያሻል። ሲቆረጥ የሚወጣው ፈሳሽ የአንዳንድ ሰው ቆዳ ስለሚያሳክክና ስለሚያቆስል ጓንት አድርጋችሁ ከርክሙት።

አሁን የምናገረውን በተለይ ተማሪዎች አጥብቃችሁ እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። አይቪ ሁለት የዕድሜ ደረጃ አለው። መሬት ላይ ሲሳብ ለጋ ነው፤ አያብብም፣ አያፈራም። ዛፍ ወይም ግድግዳ ይዞ ወደ ብርሃን ሲወጣ ግን ይጎለምሳል፣ የቅጠሉ ቅርጽ ይለወጣል፣ ያብባል፣ ያፈራል፤ ፍሬውንም ወፎች በልተው ዘሩን ሩቅ ያደርሱታል። በሰሜን አሜሪካ ደን ገብቶ የአገሩን ተክል ያፈነው በዚህ መንገድ ነው፤ የኦሪገን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2010 ሽያጩን እስከ መከልከል ደርሷል። እኛ የወፍ ቆሎና እምቦጭ ምን እንዳደረሱብን እናውቃለን። በዙሪያችን ደግሞ በለጠ-ጌራ የተባለው ደን፣ ቀጥሎም የያዩና የከፋ ደኖች አሉ፤ የዓረቢካ ቡና የዱር ዘር የሚገኘው በእነዚህ ነው። ስለዚህ ከደን ጋር በሚዋሰን መሬት፣ በወንዝ ዳርና በቡና ማሳ ውስጥ አይቪ ፈጽሞ መተከል የለበትም ብዬ አምናለሁ። በቡና ማሳ ውስጥ ከሆነ ከቡናው መጋቢ ሥሮች ጋርም በላይኛው አፈር ይሻማል። በከተማ ግቢም ቢሆን ግንድ ላይ መውጣት የጀመረውን ቅርንጫፍ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ክረምት ሳይገባና ክረምት ሲወጣ፣ ቁረጡት። ይህን ለማድረግ ጊዜ የሌለው ሰው ባይተክለው ይሻላል። የቆረጣችሁትንም እርጥቡን ቦይ ውስጥ ወይም አዌቱ ዳር አትጣሉ፤ አንድ አንጓ ብቻ በቂው ነው፣ እንደገና ይበቅላል። በፀሐይ ላይ ዘርግታችሁ ፍጹም ሲደርቅ ከብስባሽ ክምራችሁ ጋር ቀላቅሉት።

ችግኝ መግዛት ለማትችሉ ማባዛቱ ቀላል ነው። በመጋቢት የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲጥሉ፣ ሦስት ወይም አራት አንጓ ያለው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅርንጫፍ ቁረጡ፤ የታችኞቹን ቅጠሎች አንሡና በአሸዋና በብስባሽ ድብልቅ ውስጥ ሰክታችሁ በጥላ አስቀምጡት። ከአራት ሳምንት ገደማ በኋላ ቀስ ብላችሁ ስትስቡት ከተቋቋማችሁ ሥር ይዟል። ሰኔ ሲገባ ለተከላ ዝግጁ ነው፤ ዝናቡም ያኔ የማጠጣቱን ሥራ ይረከባችኋል።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።