32ቱን ሙከራ በ16፦ የአፈር መሸርሸር ጥናት አነዳደፍ

የተከበራችሁ ተመራማሪዎችና ተማሪዎች፣

በዝናብ ማስመሰያ ሥር የሚገባ አንድ የአፈር ሳጥን ብዙ ድካም ይበላል። አፈሩ በወንፊት ይነፋል፣ በስስ በስሱ እየተነጠፈ እኩል ይጠቀጠቃል፣ ይረጥባል። አንዴ ዝናብ ከመታው ገጹ ስለሚደፈን ለሌላ ሙከራ አይሆንም፤ ሥራው እንደገና ይጀመራል። እንዲህ ውድ በሆነ ሙከራ አንዱን ነገር ብቻ እየለወጡ ሌላውን ሁሉ አስሮ መያዝ ብክነት ነው፤ ከብክነቱ የሚብሰው ደግሞ ማሳሳቱ ነው። ገለባ ለዘብ ባለ ተዳፋት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ቀጥ ባለው ላይ ከሚያመጣው ይለያል። ተዳፋቱን በአንድ ደረጃ አስረን ገለባን ብቻ ከፈተንን ይህን መስተጋብር ጨርሶ አናየውም።

አምስት ነገሮችን እንውሰድ፦ ተዳፋት፣ የዝናብ ጥንካሬ፣ የገለባ ሽፋን፣ የመነሻ እርጥበትና የአፈር ዓይነት። እያንዳንዱ በሁለት ደረጃ ቢፈተን ሙሉው ፋክቶሪያል ንድፍ፣ ማለትም የደረጃዎቹን ጥምረት ሁሉ የሚፈትነው፣ 32 ሙከራ ነው። ግማሹ ይበቃናል። ለዝቅተኛው ደረጃ −1፣ ለከፍተኛው +1 ስጡ። የአራቱን ነገሮች 16 ጥምረቶች ጻፉ፤ የአምስተኛው ደረጃ የአራቱ ምልክቶች ብዜት ይሁን። በዚህ ንድፍ የሁለትዮሽ መስተጋብሮች (የሁለት ነገሮች) የሚደባለቁት፣ ማለትም ተለይተው የማይታዩት፣ ከሦስትዮሽ ጋር ብቻ ነው፤ ሦስትዮሹ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ወደ 8 ሙከራ መውረድን ግን አልመክርም። እዚያ ዋናው ተጽዕኖ፣ ማለትም አንዱ ነገር ለብቻው የሚያመጣው ለውጥ፣ ራሱ ከሁለትዮሽ መስተጋብር ጋር ይደባለቃል፤ ዝናብና ተዳፋት በሚደጋገፉበት ጥናት ውጤቱን ማመን አይቻልም።

በቁጥር የሚለኩትን አራቱን መካከለኛ ደረጃ ላይ አድርጋችሁ ለየአፈር ዓይነቱ 3 ሙከራ ጨምሩ። የሙከራውን ስህተት መጠን ይነግሯችኋል፤ ግንኙነቱ ቀጥተኛ መስመር ካልሆነም ያጋልጣሉ። ጎባጣ ከሆነ ዋነኞቹን ሦስት ነገሮች ይዛችሁ እያንዳንዱን በሦስት ደረጃ ወደሚፈትነው የቦክስ-ቤንከን ንድፍ እለፉ፤ ጥምረቶቹን ሁሉ መፈተን 27 ሙከራ በሚጠይቅበት ቦታ 15 ይበቃል።

ንድፉ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በአፈጻጸም ነው። ቅደም ተከተሉ በዕጣ ይውጣ፤ አለበለዚያ የውሃ መርጫው ቀስ በቀስ መደፈን የገለባው ተጽዕኖ መስሎ ይታያል። ተዳፋቱን በየሙከራው መለወጥ ካስቸገረና አንዴ አስተካክላችሁ ብዙ ሙከራ ከሠራችሁበት፣ ያ የተከፋፈለ መደብ ንድፍ ነው፤ ለተዳፋቱ የራሱ የስህተት መጠን ሊሰላለት ይገባል። ከአንድ ሳጥን የተቀዱ አምስት ጠርሙሶች አምስት ድግግሞሽ አይደሉም፤ ድግግሞሹ አዲስ የተሞላ ሳጥን ነው።

ሙከራው ከመጀመሩ በፊት ጣሳዎች ደርድራችሁ የዝናቡን ሥርጭት ለኩ፤ ውሃው በጣሳዎቹ ምን ያህል እኩል እንደወረደ የሚያሳየው የክርስቲያንሰን የእኩልነት መለኪያ ከ80 በመቶ በታች ከሆነ አትጀምሩ። የታጠበውን ደለል በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቃችሁ መዝኑ። የአፈር ብክነት ሲበዛ በድግግሞሾች መካከል ያለው ልዩነትም አብሮ ስለሚሰፋ፣ ትንተናውን ቁጥሩን ወደ ሎጋሪዝም ቀይራችሁ ሥሩ።

አመሰግናለሁ።