በምን አውቃለሁ?

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ ከማይክሮፎኑ አጠገብ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ አስቀምጫለሁ። የ1954ቱ ትርጉም ነው፤ ጥቁር ሽፋኑ ከጀርባው ተገንጥሎ በፕላስተር ተያይዟል። ከዘፍጥረት በፊት ባለችው ባዶ ገጽ ላይ አምስት ቀኖች ተጽፈዋል። የመጀመሪያው በልጅ እጅ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ «ጌታን የተቀበልኩበት ቀን፣ ሐምሌ 11 ቀን 1991 ዓ.ም.» ይላል። ተሰርዟል። ከሥሩ «ጥር 1993 ዓ.ም.፣ እውነተኛው» ይላል። እሱም ተሰርዟል። ሦስተኛው በቀይ ነው። አራተኛው ማብራሪያ የለውም፤ ቀኑ ብቻ ነው። አምስተኛው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት «የመጨረሻው» ተብሏል። እሱንም ሰርዤዋለሁ።

ጸሐፊው እኔ ነኝ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሬ በሃያ ሦስት ዓመቴ አቆምኩ። ባደግኩባት አጥቢያ የእሑድ ስብከት ሊያበቃ ሲል ዓይን ይጨፈናል፣ ኪቦርዱ ቀስ ብሎ ይገባል፣ ሰባኪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ዛሬ ማታ ብትሞት የት እንደምትሄድ ታውቃለህ?» ይላል። እኔ ደግሞ ሰኞ ከወንድሜ ጋር ተጣልቻለሁ፤ ረቡዕ ዋሽቻለሁ፤ ዓርብ ማታ ለጸሎት እንደተንበረከክኩ እንቅልፍ ወስዶኛል። እንዲህ ያለ ሰው ድኗል ይባላል? እጄን አነሣለሁ። በአራተኛው ጊዜ ወደ ፊት ስወጣ አዲስ አማኞችን የሚመዘግቡት ሽማግሌ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «አንተ ልጅ፣ ስምህ እኮ ተጽፏል። ሂድ ተቀመጥ» አሉኝ። ሰው ሳቀ። እኔ አፈርኩ፤ ተቀመጥኩም። እሳቸው ስለ መዝገባቸው ነበር የተናገሩት። ከዚያ ወዲህ ግን የሕይወት መጽሐፍ የሚባለውን ነገር ባነበብኩ ቁጥር የምሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነው።

ያንን የ«ዛሬ ማታ ብትሞት» ጥያቄ አልወደውም። ጥያቄው ውሸት ስለሆነ አይደለም፤ እንሞታለን። የማልወደው ልጅን ወደ ራሱ ውስጥ አስገብቶ በር ስለሚዘጋበት ነው። እኔ እርግጠኝነትን ስፈልግ የኖርኩት እዚያ ውስጥ ነው። ሳለቅስ እምነቴ እውነተኛ፣ ዓይኔ ሲደርቅ የውሸት ይሆናል። ሰዎች ሊያጽናኑኝ የሜቶዲስቶችን አባት ጆን ዌስሊን ያነሡልኝ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 24 ቀን 1738 ምሽት፣ በእኛ አቆጣጠር ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ላይ፣ ለንደን ውስጥ አልደርስጌት በሚባል ጎዳና በተደረገ ስብሰባ ማርቲን ሉተር ለሮሜ መልእክት የጻፈው መቅድም ሲነበብ ልቡ እንግዳ በሆነ ሁኔታ ሞቀ። ከሰዓቱ ጋር የተመዘገበ መዳን! እኔ የምመኘው እንዲህ ያለውን ነበር። ያልነገሩኝ ነገር፣ ያው ዌስሊ በጃንዋሪ 4 ቀን 1739 በዚያው የዕለት ማስታወሻው ላይ አሁን ክርስቲያን አይደለሁም ብሎ መጻፉን ነው። ስምንት ወር እንኳ አልሞላም። ይህን ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ሳቅኩ። የእኔ ባዶ ገጽ ዘመድ አገኘች።

በነገራችን ላይ ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ላይ የራሱ ብልሃት አለው። «ዳነ» ስንል ከወባ የተነሣውንም ነፍሱ የተረፈችለትንም ነው። ኢየሱስ ደም ይፈስሳት ለነበረችው ሴት «እምነትሽ አድኖሻል» ሲላት አማርኛ አንባቢ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይሰማል። ከበሽታው ድኖ ቴርሞሜትሩን በየሩብ ሰዓቱ ብብቱ ሥር የሚያስገባ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትኩሳቱ ወርዷል፤ አሁን የያዘው ቴርሞሜትሩ ነው። «አመነ» ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ፍርድ ቤት «ተከሳሹ አመነ» ሲባል ጥፋቱን አልካደም ማለት ነው። ማመን፣ መታመን፣ ታማኝ፣ እምነት፣ አሜን፤ ሁሉም የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እኔ ከእነዚህ ልጆች አንዱን ብቻ፣ የራሴን ማመን፣ ስለካ ኖሬ ታማኙ ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

ከዚህ ያወጣኝ አብርሃም ነው፤ ያን ጊዜ ገና አብራም ይባላል። ዘፍጥረት 15 ቁጥር 6ን ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። አብራም በእግዚአብሔር አመነ፤ ጽድቅም ሆኖ ተቆጠረለት። ጳውሎስ በሮሜ 4 ክርክሩን የሚያቆመው በዚህች ቁጥር ላይ ነው። እስቲ ሁለት ቁጥር ዝቅ በሉ። ይኸው ሰው፣ ገና ጽድቅ የተቆጠረለት፣ ምድሪቱን ስለ መውረሱ «በምን አውቃለሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ቁጥር 6 ላይ ያምናል፣ ቁጥር 8 ላይ ማረጋገጫ ይፈልጋል። እኔ ብሆን ኖሮ ቁጥር 6ን ሰርዤ ቁጥር 8 ላይ አዲስ ቀን እጽፍ ነበር።

እግዚአብሔር አልተቆጣውም። «ገና አሁን አመንህ አልተባለም ወይ?» አላለውም። ጊደር አምጣ አለው። የሦስት ዓመት ጊደር፣ የሦስት ዓመት ፍየል፣ የሦስት ዓመት በግ፣ ዋኖስና ርግብ። አብራም እንስሶቹን ከመካከል ሰንጥቆ ክፍሎቹን ፊት ለፊት ያስቀምጣል፤ ወፎቹን ግን አልሰነጠቃቸውም። ከዚያ በኋላ መጠበቅ ብቻ ነው። አሞራዎች ሥጋው ላይ ይወርዳሉ፤ እሱ ያባርራቸዋል። ይህችን ነገር ስብከት ላይ ሲዘልሏት አዝናለሁ። ማረጋገጫ የጠየቀ ሽማግሌ በታረደ ሥጋ መካከል ቆሞ፣ ዝንቡ እየወረረው፣ እጁን እያወናጨፈ «እሽ!» ሲል ይታየኛል። ከሰማይ ድምፅ የለም። ፀሐይ ልትገባ ስትል ከባድ እንቅልፍ ይወድቅበታል፤ ድንጋጤና ታላቅ ጨለማም አብሮ ይመጣል።

በዚያ ዘመን ሰዎች ቃል ኪዳን ሲገቡ በተሰነጠቀ እንስሳ መካከል ማለፍ ነበረ። ኤርምያስ 34 ላይ የይሁዳ አለቆች በእምቦሳ ቁራጮች መካከል አልፈው የማሉትን ሲያፈርሱ የሚመጣባቸው ፍርድ ተነግሯል። ቃሌን ባጥፍ እንደዚህ እንስሳ ልሁን እንደ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በጥሞና ሳነበው አብራም ተነሥቶ ሲያልፍ ለማየት ጠበቅኩ። አላለፈም። ተኝቷል። የሚጤስ ምድጃና የሚነድ ችቦ በጨለማው ውስጥ በሥጋዎቹ መካከል አለፉ፤ በዚያ ቀን እግዚአብሔር ከአብራም ጋር ቃል ኪዳን አደረገ ይላል። አብራም ምን አደረገ? አሞራ አባረረ፣ ተኛ። «በምን አውቃለሁ?» ላለው ሰው የተሰጠው መልስ ይኸው ነበር፤ እግዚአብሔር ራሱን መያዣ አድርጎ ማለፉ። መጽሐፉን ዘግቼ ረጅም ጊዜ ግድግዳ ሳይ ቆየሁ።

ዕብራውያን 7 ቁጥር 22 ኢየሱስን የሚሻል ኪዳን «ዋስ» ይለዋል። ይህን ቃል ለእኛ ማንም መተርጎም የለበትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአክስቴ ልጅ በገንዘብ ያዥነት ሥራ አገኘና ዋስ አምጣ ተባለ። እኔ ሄድኩለት። ደመወዜን የሚገልጽ ደብዳቤ ከመሥሪያ ቤቴ አጽፌ፣ መታወቂያዬን ይዤ አንዲት ጠባብ ቢሮ ውስጥ ተቀመጥን። ሠራተኛዋ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ማኅተሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግታ አየችው። መታወቂያዬ ጊዜው አለማለፉን አረጋገጠች። ቋሚ ሠራተኛ መሆኔን ጠየቀችኝ። የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ እጁን ሱሪው ላይ ይጠርጋል፤ አልቦታል። እሷ ቀና ብላ አላየችውም። «ታማኝ ልጅ ነው፣ ከሕፃንነቱ ነው የማውቀው» ብዬ ልጀምር ስል «እርስዎ እዚህ ጋ ይፈርሙ» አለችኝ።

ያን ቀን ስለ ነፍሴ አላሰብኩም። እውነቱን ለመናገር ታክሲ ውስጥ ሆኜ ያሰብኩት «ምነው ባልፈረምኩ!» ነበር። ሰው ነኝ። ማታ ላይ ግን ያቺ ሠራተኛ ደብዳቤዬን ወደ ብርሃን ያስጠጋችበት ሁኔታ መጣብኝ። እኔ ያን ሁሉ ዓመት በተቃራኒው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። ላብ የሚያልበውን እጅ ስመረምር ኖሬ የዋሱን ደብዳቤ ከፍቼ አላየሁትም። ዋሱ ምን ዓይነት ነው? ምን አለው? ፈርሞ ይጸጸታል ወይ?

ደብዳቤው ዘጸአት 34 ላይ ነው ብል ብዙ አልተሳሳትኩም። ሕዝቡ በወርቅ ጥጃ ዙሪያ ከዘፈነ ብዙም ሳይቆይ፣ ጽላቱ ተሰብሮ ዳግመኛ ሲቀረጽ፣ እግዚአብሔር በሙሴ ፊት አልፎ ስሙን ራሱ ይናገራል፤ መሓሪ፣ ሞገስ ያለው፣ ታጋሽ፣ ቸርነቱና እውነቱ የበዛ። በደለኛውንም በዝምታ እንደማያልፍ እዚያው ይጨምራል። ዮናስ በምዕራፍ 4 ይህንን ስም ጠቅሶ ይነጫነጫል፤ የሚገርመው ስለ ቅጣት የሚናገረውን ክፍል ትቶታል። ቸር እንደሆንክ አውቄ ነበር፣ ለዚህ ነው የሸሸሁት ይላል። የእግዚአብሔር ምሕረት እውነት መሆኑን ከሁሉ ይበልጥ ያሳመነኝ የዚህ ሰው ብስጭት ነው። ሊያመሰግነው ያልፈለገ ምስክር ነዋ!

አያቴ ኦርቶዶክስ ነበሩ። ዮናስ የሚነበብባትን ጾመ ነነዌን አንድም ዓመት አላጎደሉም። ማታ ማታ ከአልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን በጣታቸው አንጓ እየቆጠሩ አርባ አንድ ጊዜ ይላሉ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ በዚያ ዕድሜ ትዕቢት፣ «እማማ፣ መዳንዎን ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አውራ ጣታቸውን አንጓው ላይ እንዳቆሙ አዩኝ። «እኔ ስለ ራሴ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ። እሱን ግን አውቀዋለሁ» አሉኝ። ቀጥለው «ቁጥሬን አስረሳኸኝ እኮ» ብለው ከአንድ ጀመሩ።

እኔ ያን ማታ ለአያቴ መዳን ጸለይኩ። ጳውሎስ በ2ኛ ጢሞቴዎስ 1 ቁጥር 12 ላይ «ያመንሁትን አውቃለሁና» እንደሚል አንብቤ ነበር፤ ከአያቴ አፍ ሲወጣ ግን አላወቅኩትም። የአያቴ ቤተ ክርስቲያንና የእኔዋ ስለ መዳን የሚያስተምሩት አንድ ነው እያልኳችሁ አይደለም። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ በአንድ ማታ ጨዋታ የሚታረቅ አይደለም። በዚያ ክፍል ውስጥ እግዚአብሔርን ይበልጥ የሚያውቀው ማን እንደነበር ግን አልጠራጠርም።

አስቸጋሪዎቹን ቁጥሮች ለምን ዘለልክ የምትሉኝ ትኖራላችሁ። አልዘለልኳቸውም። «ባናምነው፥ እርሱ የታመነ ሆኖ ይኖራል» ከሚለው ቃል በፊት ብንክደው እሱም እንደሚክደን ተጽፏል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው ጳውሎስ ነው፣ እኔ አላላቅቃቸውም። ማቴዎስ 7 ላይ «ከቶ አላወቅኋችሁም» የተባሉት ሰዎች ዛሬም ያስፈሩኛል። እነሱ ትንቢት ተናግረናል፣ አጋንንት አውጥተናል እያሉ ዝርዝር ይዘው ነው የመጡት። እኔም ዝርዝር ነበረኝ፤ ይኸው አምስት መስመር። ዕብራውያን 6 ደግሞ አጋማሹ ላይ ፀጉር የሚያቆም ማስጠንቀቂያ አለው፤ ያው ምዕራፍ ወደ መጨረሻው አብርሃምን ያነሣና እግዚአብሔር የሚበልጠው ስለሌለ በራሱ ማለ ይላል። ማስጠንቀቂያውንም መሐላውንም የጻፈው አንድ እጅ ነው።

ጥያቄው ዛሬም ይመለሳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል። እስክሪብቶ አልፈልግም። መብራት ሳላበራ ዘፍጥረት 15ን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ጊደሩን፣ ፍየሉን፣ በጉን። አንዳንድ ሌሊት ምድጃው ጋ እደርሳለሁ። አንዳንድ ሌሊት አሞራዎቹን እያባረርኩ እንቅልፍ ይወስደኛል።

በሚቀጥለው ክፍል ዕብራውያን 6ን ቁጥር በቁጥር እናነባለን። መጽሐፍ ቅዱሳችሁን ይዛችሁ ኑ። ደኅና እደሩ።