ጠበቃው ስፖርተኛ ፖል ሮብሰን

ውድ የሕግ ተማሪዎች፣ የተከበራችሁ መምህራን፣ እንደምን ዋላችሁ!

ፖል ሮብሰንን ብዙዎቻችሁ በድምፁ ታውቁታላችሁ። ዝነኛ ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝና ተዋናይ ነበር። እኔ ግን ዛሬ ስለ ስፖርተኛውና ስለ ሕግ ባለሙያው ሮብሰን ላወራችሁ ነው የመጣሁት።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1898 በኒው ጀርሲ ነው። አባቱ ከባርነት ያመለጠ፣ ኋላም ተምሮ ሰባኪ የሆነ ሰው ነው። ልጁ በ1915 ነጻ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሩትገርስ ኮሌጅ ገባ።

የመጀመሪያውን የእግር ኳስ ልምምድ ልንገራችሁ። የአሜሪካውን ማለቴ ነው፣ ኳሱ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበትን። ነጮቹ ተጫዋቾች ተረባርበው ደበደቡት። አፍንጫው ተሰበረ፣ ትከሻው ወለቀ። አገግሞ ተመለሰ። አሁንም አንዱ እጁን በታኬታ ረገጠው። ሮብሰን ይሄኔ ኳስ የያዘውን ልጅ ብድግ አድርጎ ከራሱ በላይ አነሳው። ሊፈጠፍጠው ሲል አሰልጣኙ ጮኸ፦ ቡድኑ ውስጥ ገብተሃል!

በ1917 እና በ1918 ከአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋቾች አንዱ ተባለ። ቤዝቦልም፣ ቅርጫት ኳስም፣ አትሌቲክስም ለኮሌጁ ተወዳድሯል። በትምህርቱም ጎበዝ ስለነበር በ1919 በምረቃው ቀን ተማሪዎቹን ወክሎ የተናገረው እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ሁሌም ያመኛል። በ1916 ተጋጣሚው ኮሌጅ ጥቁር ካለ አንጫወትም አለ። የራሱ ኮሌጅም እሺ ብሎ ሮብሰንን ከሜዳ አስቀረው። ድብደባውን በጉልበቱ መለሰ። ይሄንን በምን ይመልሰዋል?

ከዚያ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማረ። እየተማረ ለአክሮንና ለሚልዋኪ ቡድኖች በክፍያ ይጫወት ነበር። በ1923 ተመርቆ ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የሕግ ቢሮ ተቀጠረ። አንድ ቀን ጸሐፊዋን ጠርቶ ጻፊልኝ አላት። ጥቁር እየነገረኝ አልጽፍም አለችው። ቢሮውን ለቆ ወጣ፤ ወደ ጥብቅናም አልተመለሰም። ሙያችን እንዲህ ያለውን ሰው በዚህ ምክንያት ማጣቱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በ1950 መንግሥት በፖለቲካ አቋሙ ፓስፖርቱን ቀማው። ስምንት ዓመት ከአገር እንዳይወጣ ተደረገ። በ1958 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌላ ሰው ክስ፣ በሠዓሊው ሮክዌል ኬንት ጉዳይ፣ በእምነቱ የተነሳ ሰው ፓስፖርት ሊከለከል አይገባም ብሎ ወሰነ። ሮብሰንም ፓስፖርቱን በዚያው ዓመት አገኘ።

በ1976 አረፈ። የኮሌጅ እግር ኳስ የዝና አዳራሽ ስሙን የተቀበለው በ1995 ነው፤ እሱ በሌለበት።

አመሰግናለሁ።